ሰርገኛ ያስቆመው ልጅ

የመጨረሻዋ እሑድ ምንም የተለየ ነገር አልነበረባትም። ወንድሜ እንድሪስ ጠዋት ወንዝ ወረደ፤ ሁለት ሸሚዙንና ካልሲውን አጠበና ድንጋይ ላይ አሰጣ። በመንደራችን ካልሲ የሚያጥብ ሰው እሱ ብቻ ነበር። እኔ ኮንጎ ጫማዬን ሳላወልቅ እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ኮንጎ ጫማ ያኔ በመካነ ሰላም ገበያ በሃያ ብር ይገኝ ነበር፤ ጥቁሩ ከቡኒው ትንሽ ይወደድ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግንቦት ሊያልቅ ነው። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ትንሿ ሬዲዮናችን ዘፈን ታሰማለች፤ ባትሪዋ ደክሞ ዘፋኙ እየጎተተ ነው የሚዘፍነው። እንድሪስ ይስቃል። «ይኼ ሰውዬ ተኝቶ ነው እንዴ የሚዘፍነው?» ይላል። በማግስቱ ያው ውሃ ወሰደው።

ሰው ሲጠይቀኝ «ወንዝ ወሰደው» እላለሁ። እንዲያ ማለት ይቀላል። ግን ወንዙ ብቻውን አልወሰደውም። ሌላ ነገር አለ፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ቀስ እያለ ሲወስደው የነበረ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው... እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

እንድሪስ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። በተፈጥሮ ሀብት ተመርቆ መካነ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በእግሩ ወደ እኛ ይመጣል፤ ሰኞ ይመለሳል። የምረቃውን ግራጫ ኮት ያን ሁሉ ቁልቁለት በፀሐይ ለብሶት ነው የሚወርደው፤ ከደሴ የተገዛ ኮት ነው፤ እናታችን በየሳምንቱ አቧራውን ትመታለታለች። ቤታችን ከወንዙ ወዲህ ነው። ከከተማው በኩል መኪና እስከ ገደሉ አፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን በእግር መሻገር ነው፤ ድልድይ የለም። መሻገሪያውን መልካ እንለዋለን። ያን ሰኞ ግን እንድሪስ ወደ ከተማ አይመለስም ነበር። አለቃው ከሠራተኞቹ ጋር የኛን ቀበሌ የእርከን ሥራ ሊጎበኙ ይመጣሉ። እሱ ማለዳ ተሻግሮ እነሱን ከመኪናው ተቀብሎ ወደኛ ሊያሻግራቸው ነው። ሸሚዝ የሚያጥበውም ለዚሁ ነው።

አባታችን ሼህ ሁሴን ለመንደሩ ልጆች ቁርአን ያስቀሩ ነበር። ልጆቹን አሰናብተው ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወረዱ። እጃቸውን ሳይነክሩ ቀና ብለው ወደ ላይኛው ደጋ አዩ። እኔም አየሁ። ደመናው ጫፉ ላይ ተኝቷል፤ ሆዱ ጠቁሯል። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው። የወንዛችን ክፋቱ ይኸው ነው፤ ዝናቡ ሌላ ቦታ ይዘንባል፣ ውሃው አንተ ዘንድ ይመጣል፤ ሰማይህ ጠርቶ ሳለ። ደራሽ የሚባለው እሱ ነው።

«እንድሪስ» አሉ።

«አቤት አባዬ።»

«ላይ ተጭኗል። ዛሬ ከጣለ ነገ ረፋድ ላይ እዚህ ነው። ሰዎችህ ነገ ባይመጡ ይሻላል። ከመጡም እስከ ቀትር ከማዶ ይቀመጡ።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«አሁን ንገራቸው እንጂ።»

«እሺ አባዬ፤ ጉብታው ላይ ወጥቼ እደውላለሁ።»

በመንደሩ ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ነበር፤ ያውም ከወይራው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ከቆምክ። አብሬው ወጣሁ። ስልኩ ሲጠራ እንድሪስ ኮቱን ቆለፈ። አለቃው ሲያነሱ ደግሞ ኮፍያውን አወለቀ። ከእኔና ከሁለት ፍየሎች በቀር የሚያየው የለም። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ኮፍያውን በደረቱ ይዞ፣ ለስልኩ እጅ ነሳ።

«አቤት አለቃ! እንዴት ዋሉ?... አዎ... አዎ... የሚሻገሩባት በቅሎም ዝግጁ ናት... አይ፣ ችግር የለም። ኧረ ምንም ችግር የለም አለቃ።»

ዘጋው።

«አልነገርካቸውም እኮ» አልኩት።

«ጠዋት በአካል እነግራቸዋለሁ።»

«አሁን ምን ነበረበት?»

«የዞን ሰዎች ማክሰኞ ይመጣሉ አሉኝ። ጉብኝቱ ነገ ማለቅ አለበት። ቸኩለዋል። እንዲህ ባለ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ አንተ አይገባህም ሰይዶ።»

ኮፍያውን መልሶ ደፋ።

ያን ኮፍያ ማውለቅ ዛሬም አየዋለሁ። አሁን መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ካርድና ቻርጀር የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ፤ ጅዳ ሠርቼ ባጠራቀምኩት ነው የከፈትኳት። ዱሮ እዚህ ቦታ የሻይ ቤት ነበር፤ የኤሱዙ ሾፌሮች ጭነቱ እስኪወርድ ድረስ በቀይ አቧራ ተሸፍነው ይገቡና ሻይና አምባሻ ያዛሉ፤ ግድግዳው ላይ መንዙማ የሚያሰማ ቴፕ ተሰቅሎ ነበር፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ገባ። አዲስ ተመራቂ ነው፤ ከጫማው ያስታውቃል። ቻርጀር እየመረጠ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ቀና አለ። እጁን ከኪሱ አወጣ። አንገቱን ያን የማውቀውን አሰባበር ሰበረው። «ችግር የለም ጌታዬ» አለ፣ «ኧረ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው ጌታዬ።» ስልኩን ሲዘጋ ወደኔ ዞሮ «ደደብ ነው እኮ ይኼ ሰውዬ» አለኝ። ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅኩም። ቻርጀሩን ሰጥቼው ወደ ጓዳ ገባሁ።

መልካው ሕግ ነበረው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ውሃው ላይ ቅጠል ወይም አረፋ ያየ፣ ቀለሙ ሲደፈርስ ያየ፣ ከላይ ጉርምርምታ የሰማ «ቁሙ!» ካለ፣ ሰው ሁሉ ይቆማል። ልጅ ይሁን ሴት ይሁን መንገደኛ ይሁን አይጠየቅም። ሼህም ቄስም የጎበዝ አለቃም ይቆማል። ውሃው ሳይመጣ ቢቀር ደግሞ ያስቆመው ሰው አይወቀስም። ትልቁ ነገር ይኼኛው ነው። አንዴ የተወቀሰ ሰው በሌላ ጊዜ ዝም ይላላ።

እንድሪስ በሰባት ዓመቱ ሰርገኛ አስቁሟል። እኔ ያኔ ገና ሕፃን ነኝ፤ ግን እናታችን ስትተርከው ስላደግኩ ያየሁት ይመስለኛል። ሙሽራዋ በበቅሎ ላይ፣ ሚዜዎቹ ነጭ በነጭ፣ ከበሮው እየተመታ፣ ከፊት ደግሞ የሙሽራው አጎት፤ ጠመንጃ ያነገተ፣ በአገሩ የሚፈራ ሰውዬ ነው። እንድሪስ ቁርአን የሚጽፍበትን እንጨት፣ ሎሑን፣ ሊያጥብ ወርዶ ነበር። ብድግ አለና «ቁሙ!» አለ። ከበሮው ዝም አለ።

«ምን አየህ አንተ ቁንጫ?» አለው አጎትየው።

«አረፋ አየሁ።»

አረፋው የደራሽ ይሁን እናታችን ከላይ በኩል ስታጥብበት የነበረው ሳሙና ይሁን፣ አላህ ነው የሚያውቀው። ሰርገኛው ግን ተቀመጠ። ሙሽራዋ ከበቅሎ ወርዳ ዋርካው ሥር ተቀመጠች። ወዲያ ማዶ ድግሱ ይቀዘቅዛል፣ ፀሐይ ትዘቀዝቃለች፣ ውሃው አይመጣም። ጭራሽ አልመጣም። በመጨረሻ አጎትየው ተነስቶ ልብሱን አራገፈና «የታለ ውሃህ?» አለው። እንድሪስ ሊያለቅስ ደረሰ። አባዬ ናቸው የመለሱለት። «አልመጣም፤ ሁላችሁም አላችሁ» አሉ። ሰዉ ሳቀ። አጎትየውም ሳቀና ከበቅሎዋ ጭነት የሰርግ ዳቦ አስወርዶ ለእንድሪስ ቆረሰለት። ከዚያ ወዲያ ስሙ በመንደሩ «ሰርገኛ ያስቆመው ልጅ» ሆነ። ትልቅ ሰው ሆኖም አሮጊቶች እንዲያ እያሉ ይጠሩት ነበር፤ «ና እስቲ አንተ ሰርገኛ ያስቆምከው፣ ይቺን ውሃ አሸክመኝ» ይሉታል።

ቤታችንም እንደ መልካው ነበር። አባዬ ሲያሰግዱ አንድ ቃል ቢዘሉ ከኋላቸው ያለው ያርማቸዋል፤ የሶላት ደንብ ነው። እንድሪስ ልጅ ሆኖ ያርማቸው ነበር። አንዴ እንዲያውም የተሳሳተው ራሱ ሆኖ አረማቸው። ሶላቱ ሲያልቅ ዞር ብለው «ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ግን ማሻአላህ፣ ጎሽ» አሉት።

ይኼን ልጅ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክነው። በቆርቆሮ ሳጥንና በአንድ ብርድ ልብስ። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ሁሉም ያው ነው ይላሉ።

ሁለተኛ ዓመት ሲደርስ ልጠይቀው ሄድኩ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ፤ እንደሱ እሆናለሁ ብዬ ተስፋ የማደርግበት ጊዜ ነው። በጭነት መኪና ላይ እስከ ደሴ፣ ከደሴ በአውቶቡስ። የዶርሙ ልጆች ደግ ናቸው፤ ዳቦ ከካፌ በኪሳቸው ሸሽገው አመጡልኝ፤ አንድ አልጋ ላይ ከእንድሪስ ጋር እግርና ራስ ሆነን ተኛን። በማግስቱ «ና ክፍል እንግባ፣ ከኋላ ከተቀመጥክ ማንም አያውቅህም» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ልቀመጥ ነው! ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከተትኩ።

መምህሩ አርፍዶ ገባ። ይቅርታ የለም። «ከጭቃ ወጥታችሁ እዚህ ስትደርሱ ሰው የሆናችሁ መሰላችሁ» አለና ሳቀ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እንድሪስም ሳቀ። ቀጥሎ የተዳፋት ስሌት ሰሌዳው ላይ ጀመረ። መሐል ላይ አንድ ቁጥር ገለበጠ። እኔ እንኳ አይቼዋለሁ፤ ከላይ የጻፈው ሌላ ነው፣ ከታች ያወረደው ሌላ ነው። የእንድሪስ እስክሪብቶ ቆመች። ያጠገቡ ልጅ እስክሪብቶም ቆመች። ከፊታችን ያሉት ሦስቱ ቀና አሉ። ሁሉም የመምህሩን ፊት አዩ። ከዚያ ሁሉም አጎንብሰው በየደብተራቸው አስተካክለው ጻፉ። አንድም ሰው አልተናገረም።

ውጭ ስንወጣ «ተሳስቷል አይደል?» አልኩት።

«ተሳስቷል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

«ነግሬው አውቃለሁ፣ መጀመሪያ ዓመት ላይ። ጠመኔውን ሰጠኝና ‘ና አንተ አስተምረን’ አለኝ። ሰዉ ሳቀብኝ። እስከ ሰኔ ድረስ ‘ፕሮፌሰር’ እያለ ይጠራኝ ነበር። ያመጣሁትን ውጤት ብነግርህ አታምንም።»

«ፈተና ላይስ? ምን ትጽፋላችሁ?»

«እሱ የጻፈውን።»

«ስህተቱን?»

«ስህተቱን ነዋ! ትክክሉን የጻፈ ዜሮ ነው። ትክክሉን ለራሳችን እናውቀዋለን።»

ያጠገቡ ልጅ፣ ጎበዝ ተማሪውን ሰቃይ ነው የሚሉት፣ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ስማ ወንድምዬ፣ መጽሐፉን ያጠና ሲ ያገኛል፣ ፊቱን ያጠና ኤ ያገኛል» አለኝ። ተሳሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ እንግዳ ነኝ።

የዚያኑ ቀን አመሻሽ ላይ ደግሞ አምስት አምስት ሆነው የሚገማገሙበት ስብሰባ ነበራቸው። ከስብሰባው በፊት እዚያው ዶርም ውስጥ ይዘጋጃሉ።

«አንተ እኔን ምን ትለኛለህ?»

«ሰዓት አያከብርም ልበል?»

«ባለፈው ብለኸኛል። ሌላ አምጣ።»

«ተነሳሽነት ይጎድለዋል?»

«አይ እሱ ይከብዳል፣ ይመዘገብብኛል። ‘አልፎ አልፎ ስብሰባ ላይ ይደብተዋል’ በለኝ። እኔ ደግሞ ላንተ ‘ሐሳቡን አሳጥሮ አይገልጽም’ እልሃለሁ።»

«ተስማማን። እንድሪስን ማን ይያዘው?»

«እንድሪስ ጥያቄ ያበዛል እንበለው?»

«እሱማ እውነት ነው፣ አይባልም!» አለ ሰቃዩ፤ አልጋው ላይ ተንከባለሉ።

በመስኮት አየኋቸው በኋላ። ያ ሁሉ ሳቅ የለም። ፊታቸውን አጠቁረው ያንኑ የተስማሙበትን እየተነሱ ይላሉ። እንድሪስ ተነስቶ አንገቱን ደፍቶ «ሒሱን ተቀብያለሁ» ሲል ሰማሁት። ያኔ አስቂኝ ነበር። መንደር ተመልሼ ለጓደኞቼ እየቀዳሁ አስቄበታለሁ። አሁን ግን... ያን ሁሉ ጊዜ ይለማመዱ እንደነበር አልገባኝም። ስለ አፈርና ስለ ውሃ የተማሩትን ፈተናው ሲያልፍ ይረሱታል። ይኼኛውን ግን ማንም ሰሌዳ ላይ ሳይጽፍላቸው፣ ማንም ሳይፈትናቸው፣ በደማቸው ያዙት። አንድም የወደቀ የለም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ለእረፍት መጣ። አባዬ የማታውን ሶላት፣ መግሪብን፣ ሲያሰግዱን አንድ ቃል ዘለሉ። ከኋላቸው እንድሪስና እኔ ነን። እኔ አላወቅኩትም፤ የቁርአን ቅራቴ ደካማ ነው። እሱ ያውቃል፤ ክንዱ ከክንዴ ጋር ተነካክቶ ስለነበር ድንገት ሲጠነክር ተሰማኝ። ዝም አለ። ሶላቱ ሲያልቅ አባዬ ዞሩ፤ ራሳቸውም በኋላ ታውቋቸዋል።

«አልሰማኸኝም?»

«ሰምቻለሁ አባዬ።»

«ታዲያ?»

«እርስዎን ከማርም ብዬ ነው።»

አክብሮት መስሎታል። ፈገግ እንኳ ብሏል። አባዬን ቢሰድባቸው ኖሮ እንዲያ የሚከፋቸው አይመስለኝም። «ማን ነው እንዲህ ያስተማረህ?» አሉ። መሰገጃቸውን አጥፈው ወጡ።

ወደ እሑዷ ልመለስ። እራት ላይ አባዬ «ነገርካቸው?» አሉት።

«ተነጋግረናል አባዬ» አለ።

ተነጋግረናል። ይኼንም ቃል የት እንዳገኘው አውቃለሁ። አባዬ ግን የስብሰባ አማርኛ አያውቁም፤ ተነጋግረናል ካለ ተነጋግረዋል ነው። እኔም ጠዋት በአካል ይነግራቸዋል ብዬ አመንኩት። ሰርገኛ ያስቆመ ልጅ ነው።

ሰኞ ላይኛው ማሳ ላይ ድንጋይ ስለቅም ነበር። ረፋድ ላይ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ጉርምርምታ ሰማሁ። በዚያ በኩል መንገድ የለም። ከዚያ የሰው ጩኸት። ስደርስ አለቃው በእኛ በኩል ዳር ላይ እስከ አንገታቸው ረጥበው ተቀምጠዋል፤ በቅሎዋ ትንቀጠቀጣለች። ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ሰማዩ ጠርቷል። የቅሬው፣ የእድራችን፣ ሰዎች ቁልቁል እየሮጡ ነው። እንድሪስን ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ ከቋጥኝና ከሾላ ሥር መሐል አገኙት። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበርነው።

ሰዎቹ መቃብሩን ሲቆፍሩ መላኩን ያዝኩት። መላኩ የእንድሪስ የሥራ ባልደረባ ነው፤ እሱም ገና የተመረቀ፤ ከእንድሪስ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

«ንገረኝ» አልኩት።

«አለቃው ራሳቸው ጠየቁት» አለ። «ዳር ስንደርስ ቆሙና ‘እንድሪስ፣ ያገሩ ልጅ አንተ ነህ፣ ውሃው እንዴት ነው?’ አሉት።»

«እሱስ?»

«ወንዙን አላየም። እሳቸውን አየ። ከዚያ ‘ችግር የለም አለቃ’ አለ።»

«አንተስ? ታውቅ ነበር?»

ወደ ቆፋሪዎቹ ዞረ።

«መላኩ!»

«ቁልቁል ስንወርድ ነግሮኛል። ‘ዛሬ ባንሻገር ነበር የሚሻለው፣ አባቴ ብለዋል’ አለኝ። ‘ንገራቸዋ’ አልኩት። ‘አንተ ብትነግራቸው ይሻላል፣ አንተን ይወዱሃል’ አለኝ። ‘ያገሩ ልጅ አንተ’ አልኩት። እንዲህ እየተባባልን ደረስን። ሁላችንንም አሳልፎ እሱ መጨረሻ ገባ፣ የአለቃውን ቦርሳ ራሱ ላይ ይዞ። አለቃው ከዳር ሊወጡ ሲሉ ውሃው ደረሰብን፤ እሱ ገና መሐል ላይ ነበር።»

እንግዲህ ሁለት የተማሩ ሰዎች አንድ ቃል እየተገፋፉ ያን ገደል ወረዱ። ትክክሉን ለራሳቸው ያውቁታል። ሬሳው ገና ከፈን ሳይነካው ወንድሜን ተጸየፍኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ከዚያ ደግሞ መላኩን፣ ከዚያ ያን የሳቀ ክፍል በሙሉ። ሐዘን እንደዚያ ዓይነት ጣዕም እንዳለው አላውቅም ነበር፤ እንደ ደፈረሰ ውሃ አፍ ውስጥ አፈር ይቀራል።

ወንዙ ስላልጎደለ እንግዶቹ እኛ ዘንድ አደሩ። ለቅሶ ቤት ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው። እናታችን እያለቀሰች ለአለቃው የሚለብሱት ደረቅ ነገር ፈለገች፤ ያገኘችው እንድሪስ እሑድ ያጠበውን ሁለተኛውን ሸሚዝ ነው። ሰጠቻቸው። ልካቸው ነበር። ቦርሳውም ተገኝቶ መጣ፤ የረጠቡትን ወረቀቶች አንድ ሠራተኛ አጥራችን ላይ አንድ በአንድ አሰጣቸው።

ሰዉ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ «አብሽሩ» እያለ ሲያጽናናን አለቃው ቆሙ። ንግግር ሊያደርጉ ነው። በዚያ ሸሚዝ።

«ወንድማችን እንድሪስ» አሉ፣ «ተግባቢ፣ ታታሪ፣ የተሰጠውን ተልዕኮ በአግባቡ የሚወጣ ባለሙያ ነበር። አብረን በሠራንበት ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ‘አይሆንም’ ብሎኝ አያውቅም።»

ከልባቸው ነው። የሚያውቁት ትልቁ ምስጋና ይኼ ነው። አባዬ ከተቀመጡበት ቀና አሉ።

«ጠይቀኸው ነበር?» አሉ።

«ጠይቄዋለሁ ሼህ። በእግዜር፣ ጠይቄዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«ችግር የለም አለኝ።»

አባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔ ልጅ ሰርገኛ ያስቆመ ነው» አሉ፤ ለማንም አይደለም።

በማግስቱ ጠዋት «እንግዶቹን ሸኛቸው» አሉኝ። አልፈለግኩም፤ ግን ሄድኩ። ውሃው ጎድሎ ጉልበት አይደርስም። ፀሐይ ነው። ወፎች ይንጫጫሉ። ትናንት ሰው የበላ ወንዝ አይመስልም። አለቃው ሰዓታቸውን አዩ፤ የዞን ሰዎች ይጠብቃሉ። በቅሎዋ እንቢ ስላለች በእግር ነው የሚሻገሩት፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ።

እኔ ውሃውን አየሁ። ከድንጋዮቹ መሐል የወይራ ቅጠል ተከታትሎ ይወርዳል፤ ዳር ዳሩን ቀጭን አረፋ አለ። ከትናንቱ የቀረ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል... አላውቅም። ላይ አየሁ፤ ደመናው እዚያው ነው። ከጎኔ መላኩም ቅጠሉን አይቶታል። ዓይኑ ከቅጠሉ ተነስቶ ወደ አለቃው ፊት ሲሄድ በዓይኔ ተከተልኩት።

«እንዴት ነው መላኩ፣ እንሻገር?» አሉ አለቃው።

«ችግር የለ—»

«ቁሙ!» አልኩ።

ድምፄ ቀጭን ሆኖ ወጣ። ሁሉም ዞሩ።

«ምንድን ነው ልጄ? ጉልበት እንኳ አይደርስም እኮ» አሉ አለቃው። «ስብሰባ አለብን። ሐዘኑ ይገባኛል፣ ግን—»

መልካው ላይ ገብቼ ፊታቸው ቆምኩ። የእንድሪስ ሸሚዝ ከደረቴ አንድ ክንድ ይርቃል። ዝም ብል ይገቡ ነበር። ይኼንንም አስቤዋለሁ፤ ይግቡ ብዬ አስቤያለሁ። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ።

«አ... አይሆንም» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«አይሆንም።»

አለቃው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መላኩን አዩ። መላኩ መሬት መሬት ያያል። ጥቂት ቆይተው ሄደው ዋርካው ሥር ተቀመጡ። የቀሩትም ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ። ፀሐይ ከፍ አለች፣ ጥላው አጠረ። አንድ ሰው ሰዓት ጠየቀ። ውሃው እንዳለ ነው። ቅጠሉ ቀረ፣ አረፋው ጠፋ፣ ድንጋዮቹ ከታች መታየት ጀመሩ።

ቀትር ላይ አለቃው ተነሱ። ሱሪያቸውን አራገፉ። ወደኔ መጡ።

«ታዲያ ውሃው የታለ?» አሉኝ።

«አልመጣም» አልኳቸው። «ሁላችሁም አላችሁ።»

ማንም አልሳቀም። መንገዱን ለቀቅኩላቸው።